በጨረታ ላይ ዋጋውን የሚጠራው ማን ነው?

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ባለፈው ሰሞን ለሥራ ጉዳይ ወደ ሐዋሳ ወርጄ ነበርና፥ አንድ ማለዳ ከማረፊያዬ ተነሥቼ አሞራ ገደል ወደሚባለው የዓሣ ገበያ ሄድሁ። የሌሊቱን መረብ ያነሡት ዓሣ አጥማጆች ጀልባዎቻቸውን ወደ ዳር አስጠግተው ቆሮሶውንና አምባዛውን ያወርዳሉ፤ ወጣቶች ቢላዋቸውን ይዘው ቅርፊቱን ይፍቃሉ፥ ሆዱን ይከፍታሉ፤ ሴቶች የሾርባውን ድስት ጥደዋል፤ ጥሬውን በአዋዜ እየነከረ የሚበላም አለ። አባ ኮዳ የሚባለው ያ ትልቅ ወፍ ደግሞ ትከሻውን ሰብስቦ፥ መላጣ ራሱን ደፍቶ፥ እንደ አንድ የሰፈር ሽማግሌ በመካከላቸው ይንጎራደዳል፤ የሚጠብቀው ግን ዕርቅ ሳይሆን የዓሣ አንጀት ነው።

በዚያ ቆሜ ሳለሁ አንድ ነገር አየሁ፤ ዛሬ ላጫውትዎ የተነሣሁትም ያንኑ ነው።

አንድ ጎልማሳ ዓሣ አጥማጅ በገመድ የተሰኩ ትላልቅ ቆሮሶዎች ይዞ ከጀልባው ወረደ። በከተማው ውስጥ ምግብ ቤት ያላቸው አንዲት እመቤት ዓሣውን አገላብጠው ትኩስነቱን ካረጋገጡ በኋላ ዋጋ ጠሩ። አጥማጁም «ይሁን እትዬ፥ ለእርስዎ ነው» ለማለት አፉን ሲከፍት፥ መኪናቸውን ከዛፍ ጥላ ሥር ያቆሙ፥ ከአዲስ አበባ የመጡ የሚመስሉ አንድ ሰው «እኔ ሃያ ብር እጨምራለሁ» ሲሉ ከኋላ ተናገሩ። በዚህ ጊዜ እመቤቲቱ ዐይናቸውን ከዓሣው ላይ አንሥተው ወደ ሰውዬው አዞሩ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዓሣውን ዳግመኛ አላዩትም። «ሠላሳ» አሉ። «ዐምሳ» አሉ ሰውዬው። የሚሸጠው ሰው ግን አንዲት ቃል እንኳ አልተነፈሰም፤ ገመዱን ይዞ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፥ አንድ ጊዜ ወደ ግራ ይመለከት ነበር። ዋጋው የመነሻው እጥፍ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው እመቤቲቱ ነጠላቸውን መለስ አድርገው «ይውሰዱት፥ ይብሉት» ብለው ዘወር አሉ። ሰውዬው ገንዘቡን ቆጥረው ከፈሉና ገመዱን ከተቀበሉ በኋላ፥ መጀመሪያ ሊጠይቁት የሚገባውን ጥያቄ ጠየቁ፤ «ለመሆኑ ስንት ዓሣ ነው?»

በአሞራ ገደል መዶሻ የሚመታ አጫራች የለም፤ ዓሣው የሚሸጠው በተራ የገበያ ክርክር ነው። ነገር ግን ሁለት ገዢዎች በአንድ ዕቃ ላይ ከተገናኙ ጨረታ ለመሆን ሌላ ምንም አይጐድለውም። ሊቃውንት ይህን ነገር በብዙ ስም ይጠሩታል፤ ከነዚያም አንዱ የጨረታ ትኩሳት የሚለው ነው። ትኩሳት መባሉ መልካም ስያሜ ይመስለኛል፤ በሽተኛው ትኩሳቱ እስኪበርድለት ድረስ መታመሙን አያውቅምና።

ነገሩ የዛሬ አይደለም። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ193 ዓ.ም. የሮም ንጉሠ ነገሥት ዘበኞች ጌታቸውን ጴርቲናክስን ከገደሉ በኋላ፥ ዙፋኑን አብልጦ ለሚከፍላቸው ሰው ለመሸጥ ተነሡ። የሟቹ አማት ሱልጲቅያኖስ ከሰፈሩ ውስጥ፥ ዲድዮስ ዩልያኖስ የተባለው ባለጠጋ ደግሞ ከቅጥሩ ውጭ ሆነው ዋጋ ይጠሩ ጀመር። ሱልጲቅያኖስ ለያንዳንዱ ወታደር 20 ሺህ ሴስቴርስ ድረስ በደረሰ ጊዜ፥ ዩልያኖስ ጥቂት በጥቂት መጨመሩን ትቶ ባንድ ጊዜ 25 ሺህ ብሎ እየጮኸ በጣቱም ጭምር አሳየ። ዙፋኑንም አገኘ። ከ66 ቀን በኋላ ግን ተገደለ። ይህ ሰው ሲገዛ ያየው የዙፋኑን ጸጥታ አልነበረም፤ ከቅጥሩ ውስጥ የሚሰማውን የሌላውን ተጫራች ድምፅ ነበር። በአሞራ ገደል ያየኋቸው ሰው ይህን ያህል አልተጐዱም፤ ዓሣውንም ቢሆን ይበሉታል።

አሁን ከሐይቁ ዳር ተነሥተን ወደ ሲዳማ ደጋ እንውጣ፤ የዓሣውን ገበያ ታሪክ በዓለም ፊት ያሳየ ሌላ ገበያ ከዚያው አገር ተገኝቷልና።

በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የተባለው የቡና ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ከተደረገ በኋላ፥ ያሸነፉት 28 ቡናዎች በኢንተርኔት ለጨረታ ቀረቡ። አንደኛ የወጣው የአንድ የሲዳማ ገበሬ ቡና ነበር። ተጫራቾቹ በየአገራቸው፥ በየቢሯቸው ተቀምጠው በመስኮት ላይ የሚለዋወጠውን ቁጥር እየተመለከቱ ይጨምሩ ነበር፤ የማንም ፊት አይታይም፥ የማንም ድምፅ አይሰማም። በመጨረሻ የዚያ ቡና አንዱ ፓውንድ፥ ማለት ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይሞላው፥ 185 ዶላር ከ10 ሳንቲም ወጣለት። በዚያው ወራት በኒው ዮርክ ገበያ የተራ ቡና ዋጋ በፓውንድ ከአንድ ዶላር ብዙም የራቀ አልነበረም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ እነዚያ ነጋዴዎች አብደው ነውን? ይህን ጥያቄ ብዙ አሰላስዬዋለሁ፤ መልሱም አዎንም አይደለምም የሚል ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ቡናው በእውነት ብርቅ ነበር፤ የቀመሱት ዳኞች መስክረውለታል። ደግሞም አንድ የቡና ቆይ «የኢትዮጵያ አንደኛ ቡና በእኔ ዘንድ ይገኛል» ብሎ ደጁ ላይ ቢጽፍ ስሙ የሚያተርፍለት ገንዘብ አለ። ስለዚህ ከዋጋው ከፊሉ የጣዕሙ፥ ከፊሉ የማስታወቂያው ነው። የቀረው ግን የማን ነው? የቀረው፥ እንደ እኔ አሳብ፥ በማይታየው በሁለተኛው ተጫራች ምክንያት የተጨመረ ነው። ጨረታ በሚጨምሩት ሰዎች የሚሄድ ስለ ሆነ፥ 185 ዶላር ለመድረስ ከአሸናፊው በቀር ወደዚያ የተጠጋ ሌላ ሰው መኖር ነበረበት። ለገበሬው ይህ ሁለተኛ ሰው ከአንደኛው ይልቅ ባለውለታው ነው፤ ስሙን ግን ምናልባት እስከ ዛሬ አያውቀውም። በዚያው ተራራ ላይ፥ በዚያው አፈር፥ ሁለተኛ ተጫራች ያላገኘው የጎረቤቱ ቡና በስንት እንደ ተሸጠ ማሰብም ያስፈልጋል።

እኛ አገር ይህን ድምፅ ያለውንና ድምፅ የሌለውን ጨረታ በአንድ ተቋም ውስጥ ለማየት ዕድል አግኝተናል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ገዢና ሻጭ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ፊት ለፊት ቆመው እየጮኹ ይገበያዩ ነበር፤ ሲስማሙም እጅ ለእጅ ይማታሉ። ኋላ ግን ገበያው ወደ ኮምፒዩተር ተዛወረ፤ በሐዋሳም እንዲህ ያለ መገበያያ ተከፍቷል። ጩኸቱ ሲቀር ትኩሳቱም የሚቀር የመሰላቸው ሰዎች ነበሩ። በዓለም ላይ የታየው ግን ሌላ ነው።

በኤውሮጳ አቆጣጠር በመስከረም 1995 ኢቤይ የሚባለው የኢንተርኔት ጨረታ በአሜሪካ ተከፈተ። መሥራቹ እንደሚተርከው፥ መጀመሪያ የተሸጠው ዕቃ የተሰበረ የብርሃን ማመልከቻ ሲሆን በ14 ዶላር ከ83 ሳንቲም ተገዛ። መሥራቹ ተገርሞ «መሰበሩን አውቀዋልን?» ብሎ ለገዢው ቢጽፍለት፥ ገዢው «የተሰበሩትን እየሰበሰብሁ ነው» አለው ይባላል። ከዚያ ወዲህ ሊቃውንቱ እንዲህ ያለውን ገበያ እንደ ላቦራቶሪ አድርገው ይመረምሩት ጀመር፤ ያንዳንዱ ሰው ጥሪ ከነደቂቃውና ከነሴኮንዱ ተጽፎ ይገኛልና።

ከተመለከቷቸው ነገሮች አንዱ የመነሻ ዋጋ ጉዳይ ነው። ማንም ሻጭ ዕቃው በውድ እንዲሸጥለት ከፈለገ ከፍ ካለ ዋጋ ቢጀምር ይሻላል ብሎ ያስባል፤ በሁለት ሰዎች ክርክርም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። በጨረታ ላይ ግን በ2006 እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር የወጣ አንድ ጥናት ነገሩ ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሽ መሆኑን አሳየ። መነሻው ዝቅ ሲል ብዙ ሰው ይገባል፤ የገባው ሰው ጊዜውንና አሳቡን ስላወጣበት መውጣት ይከብደዋል፤ ከውጭ የሚመለከተው ደግሞ «ይህን ያህል ሰው የተሻማበት ነገር ቢኖርበት ነው» ብሎ ይከተላል። ሰው በማያውቀው አገር ምግብ ቤት ሲመርጥ ጭር ያለውን ትቶ የሞላውን እንደሚገባ ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ እንግዶች በድንገት ገብተው ሊሆን እንደሚችል ማንም አያስብም።

ሌላው ደግሞ የገዛ ራስ ያደረጉት ነገር ጉዳይ ነው። ሦስት ሊቃውንት፥ ከእነርሱም ካነማንና ቴለር የኋላ ኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኙት፥ ለከፊሎቹ ተማሪዎች ስኒ ሰጥተው ለከፊሎቹ ሳይሰጡ ዋጋ ቢያስጠሯቸው፥ ስኒው በእጃቸው የገባ ተማሪዎች ከሌሎቹ እጥፍ ግድም ጠየቁ። ስኒው ከተሰጣቸው ገና ደቂቃዎች ቢሆኑ ነው። በጨረታ ላይ ከዚህ የበለጠ ያስገርማል፤ ተጫራች ዕቃውን ሳይገዛው የራሱ ያደርገዋልና። ለጥቂት ጊዜ የበላይ ጥሪ የእርሱ ሆኖ ከቆየ፥ በልቡ ዕቃውን ወደ ቤቱ አስገብቶ ቦታ መርጦለታል። ሌላው ሰው ሲጨምር የሚሰማው «አልገዛሁም» የሚል ስሜት ሳይሆን «ተወሰደብኝ» የሚል ነው።

ይህን በመጽሐፍ ከማንበቤ በፊት በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ያረጁ የቢሮ ዕቃዎቹን በሐራጅ ይሸጥ ነበር። ዕቃው ለሕዝብ በሚታይበት ቀን ሄጄ አንድ የጥድ የጽሕፈት ጠረጴዛ አገኘሁ፤ ስድስት መሳቢያ አለው፥ መሳቢያዎቹም ሳይንጫጩ ይከፈታሉ። ተቀመጥሁበት። በላይኛው መሳቢያ ወረቀቶቼን፥ በታችኛው መጻሕፍቴን በአሳቤ አስቀመጥሁ። ቤት ስደርስ ለባለቤቴ ነግሬአት ጥጉን አጸዳች። በማግሥቱ ወደ ሐራጁ ስገባ ከዚህ አላልፍም ያልሁትን ዋጋ በልቤ ይዤ ነበር፤ ሆኖም ካፖርት የለበሱ አንድ ሰው በኔ ጠረጴዛ ላይ ዋጋ ይጠሩ ጀመር። «በኔ ጠረጴዛ» ማለቴን ልብ ይበሉ። ወሰኔን አለፍሁ፤ ካለፍሁት በኋላም እንደ ገና አለፍሁት፤ በመጨረሻ ሰውዬው ፈገግ ብለው እጃቸውን አወረዱ። ጠረጴዛውን በጋሪ አስጭኜ ቤቴ ስደርስ በበሩ አልገባም አለ። ሰውዬውን ከእግር እስከ ራሱ በዐይኔ ስለካ የቤቴን በር ለመለካት አላሰብሁም ነበር። እግሮቹን አናጢ ቆርጦ አስገባው፤ ዛሬም ይህን የምጽፈው በዚያው ላይ ነው፤ ጥቂት አጠር ስለሚል ጉልበቴን ይነካኛል።

ይህ የኔ ነገር ትንሽ ነው። ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው የነገሩን እውነተኛ ዋጋ ማንም በርግጥ በማያውቅበት ጨረታ ነው። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1971 ሦስት የነዳጅ ኩባንያ መሐንዲሶች፥ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የነዳጅ ቦታ በጨረታ የወሰዱ ኩባንያዎች የጠበቁትን ትርፍ ለምን እንዳላገኙ የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጡ። አሳባቸው ቀላል ነው። ከባሕሩ በታች ያለው ዘይት ምን ያህል እንደ ሆነ ሁሉም ይገምታል፤ አንዱ አሳንሶ፥ ሌላው አብዝቶ ይገምታል፤ ጨረታውን የሚያሸንፈው ግን ከሁሉ አብልጦ የተሳሳተው ነው። ይህን የአሸናፊው መርገም ይሉታል። በ1983 የወጣ ሌላ ጥናት ይህንኑ በሳንቲም በተሞላ ማሰሮ ፈተነው። በማሰሮው ውስጥ ያለው 8 ዶላር ነበር። የተማሪዎቹ ግምት በአማካይ 5 ዶላር ከ13 ሳንቲም ሆነ፤ ማለት ሰዎቹ በጠቅላላው ቁጥቦች ነበሩ። ያሸነፉት ሰዎች የከፈሉት ግን በአማካይ 10 ዶላር ከ1 ሳንቲም ነው። የብዙዎቹ ጥንቃቄ ከአንዱ ድፍረት አላዳነም።

እንግዲህ ይህን ይዘው የመሬት ሊዝ ጨረታን ያስቡ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 የከተማ መሬት በጨረታ ወይም በምደባ እንዲተላለፍ ደነገገ። በጨረታው ሰነድ ዋጋ የሚጠራው በታሸገ ፖስታ ነው፤ ጩኸት የለም፥ ፊትም አይታይም። ሰው ግን ተፎካካሪውን ባያየው ይፈጥረዋል። ሌሊቱን በአልጋው ላይ ተጋድሞ «እገሌ ይህን ያህል ቢያስገባስ? እንግዲያውስ እኔ ይህን ያህል» እያለ ከጥላ ጋር ይጫረታል። በማግሥቱ ፖስታው ሲከፈት ሁለተኛው ሰው ከእርሱ እጅግ ርቆ በታች ይገኛል። አሸናፊው በዚያች ሰዓት የሚሰማውን ደስታ ከሐዘን መለየት አስቸጋሪ ነው። ውል ለመዋዋል አቅቶት ማስከበሪያውን ትቶ የሚሄድም አለ፤ ከእርሱ ጋር የተወዳደረውና መጠነኛ ዋጋ ያቀረበው ባለ ቤተሰብ ደግሞ ቦታውንም ጊዜውንም አጥቷል።

ለዚህ መድኃኒት ያሰቡ ሰው ነበሩ። ዊልያም ቪክሪ የተባሉት የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1961 ባወጡት ጽሑፍ፥ ከፍተኛ ዋጋ የጠራው ሰው ያሸንፍ፥ የሚከፍለው ግን ሁለተኛው የጠራውን ዋጋ ይሁን አሉ። እንዲህ ከሆነ ማንም ሰው ሌላውን ለመገመት መጨነቅ አያስፈልገውም፤ ለእርሱ ነገሩ የሚያወጣውን እውነተኛ ዋጋ ጽፎ ማስገባት ይበቃዋል። አሳቡ ሲሰሙት ለሻጭ ኪሣራ ይመስላል፤ ግን ሰው ከጥላ ጋር መጫረቱን ስለሚያስቀርለት ደፍሮ እውነቱን ይጠራል። ቪክሪ በ1996 የኖቤል ሽልማት እንደ ተሸለሙ ከተነገራቸው ከሦስት ቀን በኋላ ዐረፉ። በኢቤይ ላይም ተጫራች የመጨረሻ ወሰኑን በስውር አስቀምጦ ማሽኑ በእርሱ ፈንታ ጥቂት በጥቂት እንዲጨምርለት የሚያደርግ ዘዴ ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል።

ታዲያ ይህ ዘዴ እያለላቸው ሰዎች ምን አደረጉ? ብዙዎቹ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ አድፍጠው ቆይተው፥ ሰዓቱ ሊያልቅ ሴኮንዶች ሲቀሩት ዋጋ ይጥላሉ። ሮትና ኦከንፌልስ የተባሉ ሁለት ምሁራን በ2002 ባወጡት ጽሑፍ ይህንን መርምረው፥ ሰዓቱ ሲደርስ በሚዘጋው በኢቤይ ላይ ማድፈጡ የበዛ፥ ጨማሪ በመጣ ቁጥር ሰዓቱን በሚያራዝመው በሌላው ገበያ ላይ ግን ያነሰ መሆኑን አሳዩ። አድፋጩ በአንድ በኩል ብልህ ነው፤ ሌሎቹ ትኩሳት እንዳይይዛቸው ዝም ይላልና። ነገር ግን ሰዓቱ ሲያልቅ ልቡ እንዴት እንደሚመታ ለሚያውቅ፥ ትኩሳቱ የያዘው እርሱን ራሱን መሆኑ ግልጽ ነው። ዛሬ በአገራችንም በቴሌግራም ገጽ ላይ የዕቃ ሥዕል ተለጥፎ «ጨመርሁ፥ ጨመርሁ» የሚባልበት ሽያጭ አለ። ከጨማሪዎቹ መካከል የሻጩ ወንድም እንዳለበት የሚያረጋግጥልዎ ማነው? በአዳራሽ ቢሆን ፊቱን ያዩት ነበር።

አሁን ደግሞ ነገሩን ከሌላ ወገን እንየው፤ እስካሁን ያልሁት ሁሉ አብልጦ የከፈለ ሰው ሁሉ ሞኝ ነው የሚያሰኝ ሆኖ እንዳይቀር እፈራለሁ።

በቤተ ክርስቲያን የንግሥ በዓል ወይም የሕንፃ ማሠሪያ ገንዘብ በሚሰበሰብበት ቀን አንድ ድፎ ዳቦ፥ አንድ ጃንጥላ፥ ወይም አንድ ሥዕል ለጨረታ ይቀርባል። ዳቦው በገበያ የሚያወጣውን ሁሉም ያውቃል። ሆኖም አንዱ ሺህ ይላል፥ ሌላው ሁለት ሺህ ይላል፤ እልልታው ይቀልጣል፤ አሸናፊው ገንዘቡን ይሰጥና «ዳቦው እንደ ገና ይጫረትልኝ» ብሎ ይመልሰዋል። በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንም ይህን ልማድ ይዘውት ሄደዋል። አንድ ዳቦ በአንድ ከሰዓት በኋላ ስንት ጊዜ እንደሚሸጥ ለውጭ አገር የኢኮኖሚ ሊቅ ቢነግሩት ግራ ይገባዋል። ለእኛ ግን ግልጽ ነው። እዚያ የሚገዛው ዳቦው አይደለም፤ በረከት ነው፤ ጥቂትም፥ ሰው ነንና፥ በጉባኤ ፊት ስም ነው። ዐይኖቹ እዚያም ያሉት በዳቦው ላይ ሳይሆን በሰዎቹ ላይ ነው፤ ግን ማንም አልተታለለም። ሁሉም የመጣው ለመሸነፍ ወይም በደስታ አብልጦ ለመክፈል ነው።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነ ጸጥታም አለ፤ እርሱ ከጩኸቱ ይልቅ ልብ ይነካል። ባንክ በመያዣ የያዘውን ቤት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በሐራጅ መሸጥ እንዲችል በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ፈቅዶለታል። ቤቱ ሊሸጥ ማስታወቂያ ሲለጠፍ፥ ቤቱን ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው፥ ጣሪያው እንደማያፈስ፥ ጕድጓዱ በበጋ እንደማይደርቅ የሚመሰክረው ጎረቤት ነው። ጎረቤቱ ግን አይጫረትም። «የእገሌን ቤት እኔ ገዝቼ በየትኛው ዐይኔ ላየው ነው?» ይላል። ይሉኝታ ይዞታል። ስለዚህ የሚመጣው ቤቱንም ሰውዬውንም የማያውቅ ሩቅ ሰው ነው፤ እርሱም የሚፎካከረው ባለመኖሩ ከመነሻው እምብዛም ሳይርቅ ይወስደዋል። የሚጐዳው ደግሞ ሊታዘንለት የተፈለገው ባለ ዕዳ ራሱ ነው፤ ቤቱ በውድ ቢሸጥ ኖሮ ከዕዳው የተረፈው ገንዘብ የእርሱ ነበርና። ጎረቤቱ በጨዋነት ዝም በማለቱ የወዳጁን ቤት አርክሶበታል። ይህን ለአንድ ወዳጄ ባጫውተው «ታዲያ አንተ ብትሆን ትጫረት ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ ሳልሰጠው ሌላ ጨዋታ አነሣሁ።

ስለዚህ ጨረታ የሚሞቀውም የሚቀዘቅዘውም በአንድ ምክንያት ነው፤ ሰው ዕቃውን ትቶ ሰው በማየቱ ነው። ይህን ከተረዳን ጥቂት ነገር ለማድረግ እንችል ይሆናል። በበኩሌ ከጠረጴዛው ወዲህ ወደ ማናቸውም ሐራጅ ስሄድ ወሰኔን ቤቴ ሳለሁ በወረቀት እጽፍና ለባለቤቴ ሰጥቼ እሄዳለሁ። በልብ የተያዘ ወሰን ይለጠጣል፤ በእርስዋ እጅ የተያዘ ግን ንቅንቅ አይልም። የዕቃውን ጕድለትም፥ ማለት መሳቢያው መንጫጨቱንም በሩ መጥበቡንም፥ ሰው ከመሰብሰቡ በፊት አያለሁ፤ ሰው ከተሰበሰበ በኋላ ዐይኔ ዕቃ አያይምና።

ወደ አሞራ ገደል ልመለስ። ሰውዬው ዓሣቸውን ቆጥረው፥ ከበረዶ ሣጥናቸው ውስጥ ከተው፥ መኪናቸውን አስነሥተው ሄዱ። እመቤቲቱ ግን ከሐይቁ ዳር አልሄዱም ነበር፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጡ ነበር። ሻያቸውን ሳይጨርሱ ሌላ ጀልባ ዳር ደረሰች። የያዘችውም ያንኑ የመሰለ ቆሮሶ ነበር፤ እመቤቲቱም መጀመሪያ በጠሩት ዋጋ ያለ ክርክር ወሰዱት።

እኔም ወደዚያ ወደ ፊተኛው ዓሣ አጥማጅ ጠጋ ብዬ «ያች ጀልባ እንደምትመጣ ታውቅ ነበርን?» ብዬ ጠየቅሁት። መረቡን እያጠፈ ሳቀ።

«ጋሼ፥» አለኝ፥ «እሷማ ከመጀመሪያው ትታይ ነበር። ወደ ሐይቁ ያየ ሰው አልነበረም እንጂ።»

ዘወር ብዬ ስመለከት እውነቱን ነው፤ ከቆምሁበት ቦታ ሐይቁ እስከ ማዶ ድረስ ወለል ብሎ ይታያል። እኔም ያን ሁሉ ጊዜ ጀርባዬን ለውሃው ሰጥቼ ሁለቱን ሰዎች ስመለከት ነበር። ሁለት ቆሮሶ ከአዲሱ ጀልባ ገዝቼ፥ ሾርባ ወደምትሸጠው ሴት ወስጄ አስጠበስሁ።